ሃኖይ ላይ ምን ይበላል? አሳማ ለማይበላ ሰው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ቬትናም ዋና ከተማ ወደ ሃኖይ መብረር ከጀመረ ወዲህ "እዛ ደግሞ ምን ይበላል?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ሞልቷል! ችግሩ ምግብ ማጣት ሳይሆን አሳማ የሌለበትን መለየት ነው። ስለዚህ የምጽፈው ለኛ ሰው አፍ ነው።

በቡን ቻ ልጀምር፣ ሁሉም የሚጠይቀው እሱን ነውና። ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካዊው ሼፍና የቴሌቪዥን ሰው ከአንቶኒ ቦርዴይን ጋር አጭር የላስቲክ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ የበላው ነው። በከሰል የተጠበሰ አሳማ፣ ጣፈጥ ኮምጠጥ ያለ መረቅ ውስጥ ተነክሮ፣ ከነጭ የሩዝ ኑድልና ከቅጠላ ቅጠል ጋር ይቀርባል። አሳማ ከበላችሁ እንዳያመልጣችሁ። ካልበላችሁ ግን "በዶሮ አድርጉልኝ" ማለት ዋጋ የለውም፤ ምግቡ ራሱ አሳማው ነው።

ለኛ የሚሆነው ፎ ነው፣ የሩዝ ኑድል ያለበት ሾርባ። ቬትናሞች ለቁርስ ይበሉታል፣ ደግሞም ልክ ናቸው፣ ጠዋት ላይ ነው የሚጥመው። የበሬ አጥንት ለብዙ ሰዓት ይቀቀላል፤ እሳት ላይ የጠቆረ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ኮከብ የሚመስል ቅመምና ከኛ ኮረሪማ ጋር ዘመድ የሆነ ጥቁር ሄል ይገባበታል። ሁለት ቃል ያዙ፦ "ቦ" በሬ፣ "ጋ" ዶሮ። "ፎ ቦ ታይ" ካላችሁ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ሳህኑ ውስጥ ይደረግና የሚፈላው መረቅ ይፈስበታል። እናንተ ጋ ሲደርስ ለብለብ ሆኗል ማለት ነው፣ ክትፎ ወዳጅ ሁሉ ይሄን ይዘዝ። አንድ ሳህን ከ50 እስከ 70 ሺህ ዶንግ ነው፣ ሁለት ሦስት ዶላር ቢሆን ነው። ደቡብ፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ ከሄዳችሁ ደግሞ መረቁ ጣፈጥ ይላል፣ ከበሶብላና ከባቄላ ቡቃያ ጋር አንድ ትሪ ቅጠል ያመጡላችኋል። እኔ የሰሜኑን እመርጣለሁ፤ ጣል ጣል የሚደረግ ነገር ሲበዛ የመረቁ ጣዕም ይጠፋብኛል።

"ቦ" የሚል ስም ሁሉ ግን አይመን! ቡን ቦ ሁዌ የሚባለው፣ ጠጅ ሣርና ቃሪያ የበዛበት የሁዌ ከተማ ሾርባ፣ ስሙ በሬ ሆኖ ውስጡ ብዙ ጊዜ የአሳማ እግር አለበት። የመንገድ ሳንድዊቹ ባን ሚም እንደዚያው ነው። ዳቦው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ትራፊ ነው፣ ቅርፊቱ ኩርሽም ይላል። ባን ሚ ቹንግ ብላችሁ በእንቁላል እዘዙና የሚቀባውን ፓቴ አስቀሩ፣ የጉበት ነው፣ በአብዛኛው የአሳማ።

አንድ ምግብ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቻ ካ እላለሁ። የሃኖይ ዓሣ ነው፣ በእርድ የተለወሰ። መጥበሻው ዘይቱ እየተንጫጫ ከነምድጃው ጠረጴዛችሁ ላይ ይመጣል። ከዚያ አስተናጋጇ አንድ እፍኝ የማይሞላ እንዳይመስላችሁ፣ ክምር ሙሉ እንስላልና የሽንኩርት ቅጠል ትደፋበታለች፤ ቅጠሉ ወዲያው ይጠወልግና ሽታው ቤቱን ያውደዋል። በኑድልና በተቆላ ለውዝ ትበሉታላችሁ። ዋጋው ከፎ ወደድ ይላል፣ ግን አይቆጭም። አጠገቡ ግራጫ ወይንጠጅ የሚመስል ማጥቀሻ ይቀመጣል፣ ማም ቶም ይባላል፣ ተብላልቶ ከቆየ ሽሪምፕ የተሠራ። ሽታው... ብቻ ሞክሩትና ፍረዱ። ካልሆነ "ኑክ ማም" በሉ፣ ከጨዋማ ዓሣ የሚወጣው የዓሣ መረቅ ይመጣላችኋል፣ እሱ ለስለስ ያለ ነው።

ለጿሚዎች፦ "ቻይ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ግቡ። ቡድሂስቶቹ በጨረቃ ወር 1ኛና 15ኛ ቀን ሥጋ አይቀምሱም፣ ስለዚህ ቻይ ቤት በየሰፈሩ አለ። ሩዝ፣ ቶፉ (የአኩሪ አተር አይብ በሉት)፣ እንጉዳይ፣ አትክልት። አንዳንዱ ቤት እንቁላል ወይም ወተት ሊጠቀም ስለሚችል ጠይቁ። ሌላ ቦታ "አትክልት ብቻ" ብትሉ እንኳ የዓሣ መረቅ ጠብ ሳይደረግበት አይቀርም።

እሺ፣ ቡና። ከኛው ጋር አታወዳድሩት፣ ትናደዳላችሁ። የነሱ በአብዛኛው ሮቡስታ የሚባለው የቡና ዝርያ ነው፣ መራራና ኃይለኛ፤ በትንሽ የብረት ማጥለያ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል፣ ከታች ወፍራም የጣሳ ወተት ይጠብቀዋል። በበረዶ ሲሆን በዚያ ሙቀት እውነትም ነፍስ ይመልሳል። የእንቁላል ቡናውን ግን ሳትጠጡ እንዳትመለሱ። እ.ኤ.አ. በ1946 ወተት ሲጠፋ የሜትሮፖል ሆቴል ሠራተኛ የነበረ ሰው አስኳል መትቶ የፈጠረው ነው፤ ካፌ ዣንግ የሚባለው ቤቱ ዛሬም አለ። ስኒው የሞቀ ውኃ ያለበት ሳህን ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። እንቁላል እንቁላል አይሸትም፣ ክሬም ነው የሚመስለው። ሁለት መጠጣት ግን አይቻልም፣ ይከብዳል። ከሁዌ የመጣው የጨው ቡናም አለ፣ ጨው ያለበት ክሬም ከላይ ይደረግበታል። ገጠር ቡና በጨው ጠጥቶ ያደገ ሰው አይደነግጥም፣ እንዲያውም ከስኳሩ ይሄ ይሻለዋል።

የሸንኮራ ጭማቂው ጥሩ ነው፣ ሎሚ መሰል ፍሬ ስለሚጨመቅበት አያሰለችም። በረዶ ያለበት ሻይ ደግሞ በሳንቲም የሚሸጥ ነው ማለት ይቻላል። ቢራ ለሚጠጣ ቢያ ሆይ አለ፣ ቀለል ያለ ድራፍት፣ በዕለቱ መጥቶ በዕለቱ የሚያልቅ። አሮጌው ከተማ ውስጥ ታ ሂየን መንገድ ላይ ይጠጣል ይሏችኋል፣ ግን እዛ ጫጫታው ነው የሚሸጠው፤ ከአሮጌው ከተማ ወጣ ብላችሁ የሰፈሩ ሽማግሌዎች የተቀመጡበት ጋ ተቀመጡ፣ ይረክሳል፣ ለውዝም ያመጡላችኋል።