ሳያነቡ የማያትሙት የጅማዋ እትዬ

ጅማ ከገባሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ሁለት ዓመት ጀርመን ቆይቼ፣ በአካባቢ ሳይንስ ማስተርሴን ይዤ ተመለስኩ። ዘመድ ተጠየቀ፣ ቡናው ተጠጣ። አንድ ዕዳ ግን ቀርቶብኛል። እሱን በአደባባይ ልክፈል።

ከአዌቱ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ አንዲት ጠባብ የኮፒና የጽሕፈት ቤት አለች። አንድ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት በርጩማ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ጨርቅ የለበሰ የድሮ ታይፕ መኪና። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ አልጽፍም። ስንትና ስንት ዓመት የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ በታይፕ ሲመቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ከዚያ ዘመን የቀረ ልማድ አላቸው፤ የሰው ወረቀት ሳያነቡ አያትሙም።

መጀመሪያ የሄድኩት መስከረም 2015 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ኤጀንት ነኝ ባይ 8,000 ብር ተቀብሎኝ ስልኩን አጥፍቶ ነበር። ገንዘቡ ቢያንገበግበኝም በራሴ ለዳአድ፣ ለጀርመኑ የስኮላርሺፕ ድርጅት፣ ላመለክት ወሰንኩ። ዲግሪዬን ይዤ ገባሁና «እትዬ፣ ዝናቡ እንዳያበላሽብኝ ይቺን ላሚኔት ያድርጉልኝ» አልኳቸው። ተቀብለው አገላብጠው አዩትና መለሱልኝ።

«አላደርግም ልጄ። ማረጋገጫ ስትሄጂ ማህተሙን የት ላይ ሊመቱልሽ ነው? ፕላስቲኩ ላይ?»

ይህን ሳይሰማ ያስለበጠ ጓደኛ አለኝ። ፕላስቲኩን ሲልጠው ቀለሙም አብሮ ተነሳ። እሳቸው ግን ሊያገኙት የሚችሉትን ብር ትተው ዲግሪዬን አተረፉልኝ።

ቀጥለው ሲቪዬን አነበቡ። የተመረቅኩት ሐምሌ 2011 ነው፤ እኔም እንደዚያው ጽፌዋለሁ። «በእነሱ አቆጣጠር ስንት ነው?» አሉኝ። 2019 ነው። እኔ የማመለክትበት የዳአድ ስኮላርሺፕ ዲግሪው ከ6 ዓመት በላይ እንዳይሆነው ይፈልጋል፤ ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ይጠይቃል። በእኔ ሲቪ ግን ከተያዘ ሦስት ዓመት የሆነው ዲግሪ 11 ዓመት ሆኖታል። ጀርመን የተቀመጠ ሰው የእኛን አቆጣጠር በምን ያውቃል? ቁጭ ብለን ቀኖቹን አንድ በአንድ ቀየርን። የአባቴንም ስም ያዩልኝ እሳቸው ናቸው። ጅማ ውስጥ አባቱ መሐመድ የሚባል ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ዲግሪዬ ላይ በአንድ ኤም፣ ፓስፖርቴ ላይ በሁለት ኤም ተጽፏል። «ዛሬውኑ ሬጅስትራር ሂጂና የአንድ ሰው ስም መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቂ» አሉኝ። ሄድኩ።

ትልቁ ውለታቸው ግን ሞቲቬሽን ሌተሬ፣ ለምን መማር እንደምፈልግ የምገልጽበት ደብዳቤ፣ ላይ ነው። «የውሃ ብክለት የዓለማችን ስጋት ነው» ብዬ ጀምሬ ሁለት ገጽ ሞልቻለሁ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይሄ የማን ደብዳቤ ነው?»

«የእኔ ነው እትዬ።»

«አንቺ የለሽበትም።»

ከዚያ ሥራዬ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። በአጋሮ በኩል ወረዳ አካባቢ ጥበቃ ውስጥ ነበር የምሠራው። ነገርኳቸው። ጥቅምት ላይ የእሸት ቡና መፈልፈያዎቹ ሥራ ይጀምራሉ። ልጣጩና ያ የሚያጣብቀው ጣፋጭ ነገር ከእጥበቱ ውሃ ጋር ወደ ወንዝ ይወርዳል። ዝናቡ አቁሟል፤ ወንዙ ቀጥኗል። ተሕዋስያን ስኳሩን ሲበሉ ውሃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ከመፈልፈያው በላይ ድንጋይ ብታገላብጡ ሜይፍላይ የሚባሉ በራሪ ነፍሳት እጮች ተለጥፈው ታገኛላችሁ፤ አብዛኞቹ ንጹሕ ውሃ ካልሆነ አይኖሩም። ከመፈልፈያው በታች ያንኑ የመሰለ ድንጋይ ስታገላብጡ ግን ቀያይ ትሎች ብቻ ናቸው። የቀሉትም በምክንያት ነው። ደማችን ውስጥ ያለው ዓይነት ሄሞግሎቢን ስላላቸው ጥቂቷን ኦክስጅን ይዘው ይኖራሉ። ውሃው የተበላሸ ጠላ ይሸታል፤ ከታች ያሉ ሴቶች ደግሞ ከእሱው ይቀዳሉ።

እትዬ ኮፒ ማሽኑን አቁመው ነበር የሚሰሙኝ። «ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፍሽም?» አሉኝ።

ሌሊቱን ከድንጋዩ ጀምሬ እንደገና ጻፍኩት። በማግስቱ ሲያነቡት አንድ ቃል ብቻ አስተካክለው «አሁን ይታተም» አሉ። ያስከፈሉኝ የወረቀቱን ብቻ ነው።

ጀርመን ገብቼ አስተማሪዬ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለዚያ ድንጋይ ነበር። መመረቂያዬንም በቡና እጥበት ውሃ ላይ ሠራሁ። ቢኦዲ የሚባለው ምርመራ ላይ ናሙናው በ20 ዲግሪ ሙቀት 5 ቀን ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል፤ ተሕዋስያኑ ምን ያህል ኦክስጅን እንደፈጁ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። አምስተኛው ቀን ላይ ጠርሙሱን በከፈትኩ ቁጥር አጋሮ ትዝ ይለኝ ነበር። እትዬም ትዝ ይሉኝ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ዓመት ለማመልከት ያሰባችሁ የጅማ ልጆች፣ ወደ እሳቸው ሂዱ። ደብዳቤ አይጽፉላችሁም፤ ቪዛም አያስጨርሱም። የጻፋችሁትን ግን እንደራሳቸው ልጅ ጽሑፍ ያነቡታል። ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው አትሂዱ፤ ሳምንት ስጧቸው። መብራት ሊጠፋም ይችላል። ፓስፖርት፣ ዲግሪና ትራንስክሪፕት አንድ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ስሙን አስተያይተው ያዩላችኋል። እሁድ ዝግ ናቸው። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እኔው እወስዳችኋለሁ።

እትዬ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። ትናንት መመረቂያዬን አምጪ ብለውኝ ወስጄላቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሳልፍ ገጽ 31 ላይ ደርሰዋል፤ እርሳሳቸውም ጆሯቸው ላይ ነበር።