የአንድ አነስተኛ ኮሌጅ የእግር ኳስ ቡድኖች፦ ጥሩው ሥልጠና የሴቶቹ፣ ጥሩው ሰዓት የወንዶቹ

በሱሉልታ ዳርቻ የሚገኝ አንድ አነስተኛ የግል ኮሌጅ ለተማሪዎቹ የወንዶችና የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አለው። የእህቴ ልጅ በሴቶቹ ቡድን በተከላካይነት ስለምትጫወት የሁለቱንም ልምምድና ግጥሚያ ስከታተል ቆይቻለሁ፤ ልጃቸውን እዚያ ለማስመዝገብ ለሚያስቡ ወላጆች ይጠቅም እንደሆነ ብዬም ያየሁትን ጽፌያለሁ።

ሱሉልታ ሲነሣ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሩጫን ነው፤ ቀነኒሳ በቀለም የልምምድ ማዕከሉን የሠራው እዚያው ነው። ስፍራው ከአዲስ አበባም ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ አዲስ የመጣ ተጫዋች የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ትንፋሽ እያጠረው ያሳልፋል፣ በረጅሙ የተመታ ኳስም ከታሰበለት ቦታ አልፎ ይወድቃል። ይህን አውቃ የምታሠለጥነው የሴቶቹ አሠልጣኝ ናት። አንድ ቀን ግብ ጠባቂዋ ኳሱን በረጅሙ ስትለጋው ጨዋታውን በፊሽካ አስቆመች፤ ሁለቱን የመሀል ተከላካዮች በቅጣት ክልሉ ግራና ቀኝ እየመራች አቆመቻቸውና ኳሱ ከእግር ወደ እግር እየተቀባበለ ካልሆነ በቀር ከመሀል ሜዳ እንዳያልፍ ከለከለች። መጀመሪያ ላይ ኳሱን ደጋግመው ተነጠቁ፤ እርሷ ግን በአንዷም ላይ አልጮኸችም። ልምምዱ ሲያልቅ ኳሱ ከግብ ጠባቂዋ ተነሥቶ በቅብብል የክንፍ አጥቂዋ ዘንድ ሲደርስ አይቻለሁ።

በወንዶቹ በኩል ሜዳውን ጥቂት ከዞሩ በኋላ ለሁለት ተከፍሎ መጋጠም ነው። ጉልበት አላቸው፤ ሆኖም ፈጣኑ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ኳስ ካልደረሰው ሌላ መላ የላቸውም።

ቅር የሚያሰኘው የሰዓቱ ድልድል ነው። ወንዶቹ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምረው ሜዳውን ይይዛሉ፣ ሴቶቹ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይረከባሉ፤ መብራት ስለሌለ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ኳሱ አይታይም፣ ልጆቹም ወደ አዲሱ ገበያ የሚሄድ ታክሲ የሚጠብቁት በጨለማ ነው። ቀን በቀን መፈራረቅ ሲቻል ይህ የሚደረገው የወንዶቹ ቡድን «ዋናው ቡድን» ስለሆነ ነው ይባላል። አጥቂዋ ሎዛ አበራ ከዱራሜ ተነሥታ እስከ ማልታው ክለብ ቢርኪርካራ በደረሰችበት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድንም እ.ኤ.አ. በ2024 ሞሮኮ ላይ በተካሄደው የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ በተሳተፈበት አገር ይህን ምክንያት መስማት ይከብዳል።

ማልያውን ኮሌጁ ይሰጣል፤ ታኬታ ግን ተማሪው ራሱ ይገዛል። የግቦቹ መረብ በሲባጎ የተጠጋገነ ነው፣ በኖራ የተሰመረው መስመርም አንድ ዝናብ ከጣለ ይጠፋል፤ ሜዳው ከክረምት በኋላ ውኃው እስኪመጥ ድረስ ስለሚጨቀይ የመስከረም ልምምድ አብዛኛውን ጊዜ ይሰረዛል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ወጌሻ የሚገኘው በግጥሚያ ቀን ብቻ መሆኑ ነው፤ ወለምታ የሚበዛው በልምምድ ላይ ነውና።

ኳስ የምትወድ ሴት ልጅ ካለቻችሁ ለአሠልጣኟ ስትሉ አስመዝግቧት፤ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ግን ከልምምድ በኋላ ሰርቪስ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ፣ አለ ከተባላችሁም በየትኞቹ ቀናት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ አድርጉ።