ኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ነው? «500 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲሏችሁ ቶሎ አትመኑ

ቀብድ ሳትከፍሉ ይህችን አንብቡ። እኔ ተሸውጃለሁ።

ሁለት መኪና ሳማርጥ ነበር። ረከስ ያለው በአንድ ቻርጅ 400 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሏል፤ ወደድ ያለው 500። ሻጩ «ለ100 ኪሎ ሜትር ይህቺን ብትጨምር ምን አላት?» አለኝ። («ይህቺ» ያላት ገንዘብ ትንሽ አትምሰላችሁ።) ጨመርኩ።

ቤት ገብቼ የሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሳየው ነው ጉዱ የወጣው። የርካሹ ባትሪ የሚይዘው ኃይል 60 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ የውዱ 61። በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማን 100 ኪሎ ሜትር ይሄዳል? ለካ ከቁጥሩ ሥር በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። የርካሹ ኪሎ ሜትር በደብሊውኤልቲፒ (WLTP)፣ የውዱ በሲኤልቲሲ (CLTC) ነው የተለካው።

ሲኤልቲሲ የቻይና መለኪያ ነው። መኪናው የሚፈተነው በአማካይ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተነዳ ነው። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ በያዘችው ደብሊውኤልቲፒ ግን አማካዩ 46 ገደማ ነው፣ ከፍተኛው 131 ይደርሳል። ኤሌክትሪክ መኪናን ደግሞ ቆም ቆም ማለት ብዙ አይጎዳውም፤ ፍሬን ሲያዝ ከፊሉን ኃይል መልሶ ይሞላል። ባትሪውን የሚጨርሰው ፍጥነት ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚጋፋው አየር አራት እጥፍ ይሆናል።

የቻይናው ኩባንያ ቢዋይዲ የሚሠራውን ዩዋን ፕላስን እዩት (የእኔ መኪና እሱ አይደለም)። በ60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪው ቻይና ውስጥ 510 ኪሎ ሜትር ይባላል። ያው መኪና አቶ 3 ተብሎ አውሮፓ ሲሸጥ 420 ነው። መኪናው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሜትሩ ነው።

የእኔው በ110 ፍጥነት ስነዳው ለ100 ኪሎ ሜትር 19 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። 61ን ለ19 አካፍሉት፣ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እሱም እስከ ዜሮ ካሟጠጥኩት። ፈጣን ቻርጅ ከ80 በመቶ በኋላ ይንቀራፈፋል፤ ከ10 በመቶ በታች ደግሞ ልብ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ የምጠቀመው 70 በመቶውን ብቻ ነው፤ በሁለት ቻርጅ መሃል የሚቀረኝ 225 ኪሎ ሜትር ነው። ብርድ ሲሆንና ማሞቂያ ሲከፈት ከዚያም ይወርዳል።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ነበር። «ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል።

እናንተ ኪሎ ሜትሩን ተዉትና ስንት ኪሎ ዋት ሰዓት እንደሆነ ጠይቁ። ዋጋውን ለሱ አካፍሉና አወዳድሩ። ኪሎ ሜትር ማወዳደር ካለባችሁም ሁለቱም በአንድ መለኪያ የተለኩ ይሁኑ። ያገለገለ መኪና ከሆነ የባትሪው ጤና ስንት በመቶ እንደቀረ በመሣሪያ ሳይታይ አትዋዋሉ። ዳሽቦርዱ ላይ «ይሄን ያህል ኪሎ ሜትር ይቀራል» የሚለው ግምት ብቻ ነው፣ ቀስ ብሎ የነዳ ሰው ያሳብጠዋል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። እኔ በቀን 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አልነዳም፣ ማታ ማታ ቤቴ ነው ቻርጅ የማደርገው። ርካሹ ይበቃኝ ነበር።