ግራፊንኦኤስ በፒክስል 8ኤ፦ ከ11 ወር በኋላ

ስልክ ሰሪ ዘንድ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠየቁት ፓተርናችሁን ነው። አምና መስከረም ላይ የድሮ ስልኬን የቻርጅ ቀዳዳ ላሠራ መገናኛ አካባቢ አንዲት ጥገና ቤት ገባሁ። ልጁ «ጋሼ፣ ፓተርኑን ይንገሩኝ፣ ቴስት ላድርገው» አለኝ፤ ነገርኩት። ማኪያቶዬን ጠጥቼ ስመለስ ስልኩ ቻርጅ ይቀበላል፣ ልጁ ግን የእህቴን የሰርግ ፎቶ እያገላበጠ ነው። «ካሜራው ይሠራል ወይ ብዬ ነው» አለኝ። ምን እለዋለሁ? ቁልፉን የሰጠሁት እኔው ነኝ። በዚያ ላይ ያው ስልክ ገና ስከፍተው የቁማር ማስታወቂያ እየደቀነብኝ ሰልችቶኝ ነበር። ስልኬ የእኔ ነው ወይስ የሌላ ሰው የሚለው ጥያቄ የገባኝ ያን ሰሞን ነው።

ግራፊንኦኤስ ከአንድሮይድ የተሠራ፣ የጎግል አገልግሎቶች የወጡለት፣ ደኅንነቱ የጠበቀ ስርዓት ነው። ሥራው በ2014 እ.ኤ.አ. በሌላ ስም የተጀመረ ሲሆን አሁን ያለውን ስም የያዘው በ2019 ነው። በነፃ ነው የሚወርደው። እኔ ስገዛ የሚጫነው በፒክስል ስልኮች ላይ ብቻ ነበር። ከጎግል ለመራቅ ጎግል የሠራውን ስልክ መግዛት ለሰው ሲነግሩት ያስቃል። ምክንያቱ ግን አለ፦ ፒክስል የራሱን ስርዓት አስወጥታችሁ ሌላ ከጫናችሁ በኋላ መልሶ እንዲቆለፍ ይፈቅዳል፣ ፒኑን የሚጠብቅ ለብቻው የተቀመጠ ቺፕ አለው፣ የደኅንነት ማሻሻያም ቶሎ ያገኛል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ስህተቴን ልናገር፤ ለአንዳንዶቻችሁ ገንዘብ ያድናል። አሜሪካ ያለ ያጎቴ ልጅ ፒክስል ላከልኝ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩት፣ ሌላ ስርዓት ለመጫን የሚያስፈልገው ማስከፈቻ ግን ደብዝዞ አልነካ አለ። ለካ ስልኩ በአንድ የአሜሪካ ቴሌኮም በኩል የተሸጠ ኖሮ ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲነሳ ስርዓቱን የሚያስጀምረው፣ ሌላ እንዳይጫን የሚቆልፈው ክፍል) አይከፈትም። ያንን ባለቤቴ ወረሰችው፤ እስካሁን ትጠቀምበታለች። ሁለተኛውን፣ ያገለገለ ፒክስል 8ኤ፣ ስገዛ ሱቁ ውስጥ ቆሜ አጣራሁ፦ ሴቲንግ ውስጥ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ነካ ነካ፣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ሲመጣ ቡትሎደሩን ለመክፈት ወደሚፈቅደው «ኦኢኤም አንሎኪንግ» ገባሁ፣ ከራሴ ሆትስፖት ጋር አገናኘሁትና ማብሪያው ሲንቀሳቀስ ብቻ ገንዘቡን ቆጠርኩ። ኢንተርኔት ከሌለ ማብሪያው ጤነኛ ስልክ ላይም ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሻጩን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ያንን እዩ። 8ኤን የመረጥኩት የደኅንነት ማሻሻያው እስከ ግንቦት 2031 እ.ኤ.አ. ስለሚቀጥል ነው። ዋጋው ግን ከወር ደሞዜ በላይ ነው፤ አልዋሽም።

መጫኑ ከፈራሁት ቀለለኝ። ላፕቶፕ ላይ ክሮም ከፍታችሁ፣ ስልኩን በኬብል አገናኝታችሁ የፕሮጀክቱ ገጽ ላይ ያሉትን ቁልፎች በተራ መጫን ነው፤ ክፈት፣ አውርድ፣ ጫን፣ ቆልፍ። ቡትሎደሩ ሲከፈትም ሲቆለፍም ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ ገልብጡ። እኔን ግማሽ ቀን የፈጀኝ ኬብል ነው። መንገድ ላይ የገዛሁት ኬብል ቻርጅ ያደርጋል እንጂ ፋይል አያስተላልፍም፤ ላፕቶፑ ስልኩን ያየውና መልሶ ይጠፋበታል። ከጎረቤት ደህና ኬብል ስዋስ በ20 ደቂቃ አለቀ። መሃል ላይ መብራት ሄደ፤ የላፕቶፑ ባትሪ ስለነበረ አልደነገጥኩም፣ ዋይፋዩ ግን አብሮ ስለሞተ የቀረውን ማውረድ በሞባይል ፓኬጅ ጨረስኩ። ከአንድ ጊጋ በላይ ነው፤ ፓኬጅ ይዛችሁ ጀምሩ። መጨረሻ ላይ ቡትሎደሩን መልሶ መቆለፍ እንዳትረሱ። ሳይቆለፍ ከቀረ ግማሹ ጥቅም የለም። ስልኩ በተነሳ ቁጥር «ሌላ ስርዓት እየጫነ ነው» የሚል ቢጫ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ያ ጤነኛ ነው፣ ያየ ሰው ግን «ስልክህ ቫይረስ ገባበት» ይላችኋል።

ሲነሳ ባዶ ነው። ጎግል የለም፣ ማስታወቂያ የለም፣ ማንም ያልጠየቀው አፕ የለም። አማርኛውም ሙሉ አይደለም፤ ማሳያው ወደ አማርኛ ይቀየራል፣ ፊደሉም ጥርት ብሎ ይነበባል፣ ግራፊንኦኤስ የጨመራቸው ሴቲንጎች ግን በእንግሊዝኛ ይቀራሉ። ከሁሉ የባሰው አብሮ የሚመጣው ኪቦርድ አማርኛ አያውቅም።

ስለ ኪቦርድ ትንሽ ልቆይ። ሰው ስለ ስልክ ሚስጥር ሲያወራ ካሜራና ማይክሮፎን ላይ ያተኩራል። ኪቦርድ ግን ለእናቴ የጻፍኩትን፣ ለነፍስ አባቴ የላክሁትን፣ የባንክ የይለፍ ቃሌን፣ ጽፌ ያጠፋሁትን ሳይቀር ያየዋል። እኛ ደግሞ አማርኛ ለመጻፍ ስንል ማን እንደሠራው ሳንጠይቅ ያገኘነውን ኪቦርድ የምንጭን ሰዎች ነን። ግራፊንኦኤስ ለእያንዳንዱ አፕ ኢንተርኔት የመከልከያ ፈቃድ አለው፤ አንዲት ማብሪያ ናት፣ ለእኔ ከሁሉ የምትበልጠው እሷ ናት። መጀመሪያ የጎግልን ኪቦርድ፣ ጂቦርድን፣ ጭኜ፣ አማርኛውን አውርጄ፣ ኢንተርኔቱን ነጠቅሁት። ኋላ ላይ ግን እዚያው ፕሮፋይል (አፖቹ ለብቻ የሚቀመጡበት የተጠቃሚ ክፍል) ውስጥ ያሉ አፖች ከተስማሙ እርስ በርስ መነጋገር እንደሚችሉ አነበብኩ፤ አንዱ የተከለከለውን ሌላው ሊያደርስለት ይችላል። ስለዚህ ወደ ኪማን ዞርኩ። ነፃና ኮዱ ክፍት የሆነ ነው፤ የአማርኛውን ሰሌዳ አንዴ ካወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እጄ እስኪለምደው 3 ሳምንት ፈጀ። አሁንም እንደ ጂቦርድ ፈጣን አይደለሁም፤ «እሺ» ለማለት የምትረዝምብኝን ጊዜ ችያታለሁ።

ሁለተኛው የወደድኩት የስልክ ማውጫዬን ነገር ነው። ማውጫዬ ውስጥ ከቆርቆሮ ሻጩ እስከ ዕድር ጸሐፊው ድረስ ያልተመዘገበ የለም፤ አንዳቸውም ቁጥሬን ለአፕ ስጥ አላሉኝም። አንዳንድ አፕ ደግሞ ማውጫችሁን ካልሰጣችሁት አልከፍትም ይላል። ግራፊንኦኤስ ላይ ግን አፑ የተፈቀደለት ይመስለዋል፣ የሚያየው ግን ባዶ ነው፤ ወይም እኔ የመረጥኩለትን 4 ሰው። ለፎቶና ለፋይልም እንደዚያው፤ ቴሌግራም የሚያየው አንዲት ፎልደር ብቻ ነው።

ጎግል ፕሌይን ጨርሶ ትቼ ለመኖር ሞክሬ ነበር። 9 ቀን ቆየሁ። የታክሲ አፑ ካርታ አላሳይ አለ፣ የአንዳንዱ አፕ መልእክት ደግሞ ከፍቼ ካላየሁ አይመጣም። በመጨረሻ ፕሌይን ጫንኩት። እዚህ ስርዓት ላይ ፕሌይ እንደ ማንኛውም አፕ የሚቆጠር ነው፤ የተለየ ሥልጣን የለውም፣ ያልፈቀድኩለትን አያይም፣ ባሰኘኝ ቀን አጠፋዋለሁ። ታክሲዬም መጣ። ለባንኮች ብዬ የተለየ ፕሮፋይል ከፍቼም ነበር፤ ሂሳብ ለመክፈል በሄድኩ ቁጥር ፕሮፋይል መቀየር አታካች ሆኖብኝ በሁለት ሳምንት ተውኩት።

አሁን ወደ ባንክ። የምጠቀምባቸው ሁለት የባንክ አፖች ናቸው። አንዱ ያለ ምንም ችግር ይሠራል። ሌላኛው ገና ሲከፈት «ስልክዎ ደኅንነቱ የተጠበቀ አይደለም» ብሎ ይዘጋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አፑ ስልኩን ራሱ አይመረምርም፣ ጎግል የመሰከረለት ስርዓት ነው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ግራፊንኦኤስ ያ ምስክርነት የለውም። ለዓመታት ማሻሻያ አግኝቶ የማያውቀው የድሮ ስልኬ ግን አለው፣ እዚያ ላይ አፑ ያለ ጥያቄ ይከፈታል። ቅርንጫፉ ሄጄ ለአንዷ ሠራተኛ ላስረዳ ሞከርኩ፤ በትህትና ሰምታኝ «ታዲያ ለምን ደህና ስልክ አይገዙም?» አለችኝ። ቀላል ቀላሉን ክፍያ በኮከብና መሰላል እጨርሳለሁ፤ ቴሌብርን በ*127# መጠቀም ማንኛውም ስልክ ላይ ይቻላል። ስልኩን ነክቶ በጎግል መክፈል ግራፊንኦኤስ ላይ አይሠራም፤ ውጭ አገር ያላችሁ እሱን አስቡበት።

ብዙ ሰው «ታዲያ አሁን ማንም አይጠልፍህም?» ይለኛል። ሲሙ በስሜ የተመዘገበ ነው። ማን ጋ እንደደወልኩ፣ ለየትኛው የኔትወርክ ምሰሶ ቅርብ እንደሆንኩ ቴሌኮሙ ያውቃል፤ ተራ ጥሪና ኤስኤምኤስ ምንም ስርዓት ብትጭኑ ያው ነው። ይህ ስርዓት የሚዘጋው ስልኩ ውስጥ ያለውን በር ነው። አንድ ጊዜ ጀግና ልሁን ብዬ 4ጂ ብቻ የሚያደርገውን ሴቲንግ አበራሁ። ከረፋድ እስከ ማታ ስልኬ አልጮኸም። ዋው፣ ዛሬ እንዴት ሰላም ነው እያልኩ ነበር። ለካ በእኔ ስልክ ጥሪ ሲመጣ ወደ ታችኛው ኔትወርክ (3ጂ ወይም 2ጂ) ወርዶ ነው የሚገባው፣ እኔ ደግሞ ያንን ዘግቻለሁ። እናቴ 7 ጊዜ ደውላ እህቴን «ልጄ ምን ሆነ» ብላ ቤቴ ድረስ ልካት ነበር።

ሌላው መልመድ ያለባችሁ ራሱን አጥፍቶ የሚነሳበትን ነው። ስልኩ ሳይከፈት 18 ሰዓት ከቆየ ብቻውን ሪስታርት ያደርጋል፤ ፒን እስኪገባ ድረስም ውስጡ ያለው ሁሉ እንደተመሰጠረ ይቆያል። የተሰረቀ ስልክ ሌባው እጅ ላይ ውሎ ሳያድር ግንብ ይሆናል ማለት ነው። እኔ ወደ 8 ሰዓት አሳጠርኩት። ውጤቱ፣ ቅዳሜ ረፈድ አድርጌ ስነሳ ሌሊቱን የተላከ የቴሌግራም መልእክት አንድም አልገባም፣ የሚደውልልኝም ሰው ስሙ አይመጣም፣ ቁጥሩ ብቻ። ወደ 12 መለስኩት።

አሁን ፋሲካ ዕለት ወደ ደረሰብኝ ነገር። ግራፊንኦኤስ «የግዳጅ ፒን» የምለው ነገር አለው፦ ከእውነተኛው ፒን ሌላ ሁለተኛ ታስቀምጣላችሁ፣ ማንም እሱን ካስገባ ስልኩ ያለ ምንም ጥያቄ ሁሉንም ይደመስሳል። ኢሲሙ (ስልኩ ውስጥ ያለው ዲጂታል ሲም) ሳይቀር። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ፣ ሌባ መጀመሪያ የሚሞክረው 1234 ነው በሚል 1234ን የግዳጅ ፒን አደረግሁት። ፋሲካ ዕለት እናቴ ቤት ዶሮው ቀርቦ፣ ስልኬ ሶፋው ላይ ነበር። የ6 ዓመቱ የእህቴ ልጅ ጌም ፈልጎ አነሳው። ቁጥር መቁጠር በተማረበት ዓመት አንድ ልጅ ምን ይነካል? «አጎቴ፣ ስልክህ ጠፋ» ሲለኝ እጄ ውስጥ ያለውን ጉርሻ አስቀመጥኩት። ጥቁር ስክሪን። ያ ልጅ ለሰላይ ያዘጋጀሁትን መሣሪያ በ4 ቁጥር ተኩሶታል።

ማንንም አልወቅስም፤ ያዘዝኩትን ነው ያደረገው። አብሮት የሚመጣው ባክአፕ ፍላሽ ላይ ያስቀምጥ ስለነበር አብዛኛው ተመለሰ። የመጨረሻዬ ግን ከ16 ቀን በፊት ነበር። በዚያ መሃል የነበረው፣ የስቅለት ዕለት እናቴ ስትሰግድ ያነሳኋትን ፎቶ ጨምሮ፣ የለም። ማንም አይመልሰውም፤ መመለስ ቢቻል ኖሮ ባህሪው ውሸት ነበር ማለት ነው። አሁን የግዳጅ ፒኑ ልጅ የማያገኘው 8 ቁጥር ነው፣ ባክአፑን እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አደርጋለሁ።

ሌላው ሁሉ ጤና ነው። ማሻሻያው ራሱ ወርዶ ራሱ ይገባል፣ እኔ የማደርገው ሪስታርት ብቻ ነው። ባትሪው ቀኑን ይውላል። አብሮት የሚመጣው ካሜራ ደህና ነው፤ የፒክስሉን ካሜራ ግን ለይቼ ጭኜ ኢንተርኔቱን ዘግቼበታለሁ፣ ፎቶው ያምራል። ሲቆለፍ የቻርጅ ቀዳዳው ኤሌክትሪክ እንጂ መረጃ አያስገባም፤ ካፌ ውስጥ ባገኘሁት ገመድ ሁሉ እሰካለሁ።

ለእናቴ አልጭንላትም። ስልኩ በየሳምንቱ የሚጠይቃትን ሁሉ ልመልስላት አልችልም። የሚከፍለውንም ሆነ የሚቀበለውን በአንድ የባንክ አፕ ለሚያንቀሳቅስ ነጋዴም፣ አፑ እንደሚሠራ መጀመሪያ ሳያጣራ አልመክረውም።

የድሮው ስልኬ መሳቢያ ውስጥ ነው። አልሸጥኩትም። የዚያ ባንክ አፕ የሚከፈተው እሱ ላይ ብቻ ስለሆነ አርብ አርብ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ የመገናኛው ልጅ የጠገነው ቀዳዳ እስካሁን አልከዳኝም። ስከፍተው የቁማሩ ማስታወቂያ ይመጣል፣ እሱን ዘግቼ ሂሳቤን አያለሁ።