ድሬ ላይ «ጂቲኤስ» ሴሊካ ልትገዙ ነው? ቀብድ ሳትሰጡ ይህን አንብቡ

ከዚራ፣ እዚሁ ድሬዳዋ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ነው ያገኘኋት። ቀይ፣ ከመሬት ዝቅ ያለች፣ ቸርኬዋ ጥቁር፣ ኋላዋ ላይ «ጂቲኤስ» የሚል አርማ የተለጠፈባት ቶዮታ ሴሊካ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የዚህች መኪና በሽታ አለብኝ። ደላላው ፊቴን ገና ሲያየው ዋጋው ላይ መቶ ሺህ ብር እንደጨመረ እርግጠኛ ነኝ።

ከገዛኋት ሰባት ወር ሆነኝ። ተሸውጃለሁ። ዝም ብዬ ልውጠው አስቤ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ያው ደላላ አንዲት ነጭ ሴሊካ ይዞ ሳቢያን አካባቢ ገዢ እያፈላለገ መሆኑን ሰማሁ። እሷም «ጂቲኤስ» ናት አሉ። የማንንም ስም አልጠራም። የተሠራብኝን ብቻ ልንገራችሁ፣ ከዚያ ራሳችሁ ፈትሹ።

መጀመሪያ ስለ መኪናዋ። ሰባተኛዋ ትውልድ ሴሊካ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2006 ነው የተመረተችው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት በሁለት ስም ይመጣሉ፤ ጂቲ እና ጂቲኤስ። ከውጭ ሲታዩ መንታ ናቸው። ውስጣቸው ግን ሌላ ነው። ጂቲዋ የያዘችው 1ዜድዜድ የሚባለውን ሞተር ነው፤ 140 የፈረስ ጉልበት። ጂቲኤሷ የያዘችው 2ዜድዜድን ነው፤ 180። ይህን ሁለተኛውን ቶዮታ ከያማሃ ጋር ነው የሠራው። የእንግሊዙ ሎተስ ኤሊዝ ላይ የገባውም እሱ ነው። በደቂቃ ወደ 6,000 ዙር ሲደርስ የቫልቭ አከፋፈቱን ይቀይርና ድምፁም ጠባዩም ሌላ መኪና ይሆናል። ይህ ነገር ጂቲዋ ላይ የለም። ብትረግጧት፣ ብትለምኗት አይመጣም።

ከ6,000 ዙር በታች ግን ሁለቱ ሞተሮች ብዙም አይራራቁም። ወንበሩ ላይ ሆናችሁ ልዩነቱን ልትለዩት አትችሉም። ታዲያ ደላላው ለሙከራ የት ወሰደኝ? እዚያው ከዚራ ውስጥ። በሥራ ሰዓት። ፊት ባጃጅ፣ ኋላ ባጃጅ፣ መሀል ላይ ደግሞ ጎማውን እያንከባለለ የሚሮጥ ሕፃን። ከ3,000 ዙር አላለፍኩም። ማርሚታዋ ተቀይሮ ስለነበር ድምፁ ጆሮ ያደነቁራል። «ሰማህ ወንድሜ? ይሄ እኮ የጂቲኤስ ድምፅ ነው» አለኝ። ሰማሁ። አመንኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ይህችን መኪና ያየ ሰው ሁሉ «ባለቤቱ መኪና የሚወድ ሰው ነው» ነው የሚለው። እኔም ያልኩት እሱን ነው። ያልተነካ ነገር የላትም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ሞዲፋይ የተደረገው ቦታ ሁሉ መታወቂያዋ የነበረበት ቦታ ነው።

መሪዋን እንውሰድ። አውቶማቲክ ናት፤ ማኑዋል አጥቼ ነው እሷን ያየሁት። ማኑዋል ብትሆን ኖሮ ማርሹን ቆጥሬ እጨርስ ነበር፤ ጂቲኤሷ ስድስት አላት፣ ጂቲዋ አምስት። አውቶማቲኮቹ ግን ሁለቱም አራት ናቸው። የአውቶማቲኳ ጂቲኤስ መለያ መሪው ላይ ያሉት የማርሽ መቀየሪያ ቁልፎች ናቸው። የኔዋ ላይ ትንሽ፣ ሱፍ የለበሰ የውድድር መሪ ገብቷል። ቁልፍ የለ፣ ኤርባግ የለ። ለነገሩ ኤርባጉ በራሱ ሊያስቆመኝ ይገባ ነበር። ሞተር ስታስነሱ ዳሽቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት ለጥቂት ሰከንድ በርቶ መጥፋት አለበት። የኔዋ ጭራሽ አትበራም። አምፖሉ ተነቅሏል።

የኋላ ፍሬኗ ደግሞ አለ። ጂቲኤሷ አራቱም እግሯ ላይ ዲስክ ነው። ጂቲዋ ኋላዋ ታምቡር ነው። እኔ በቸርኬው ቀዳዳ ቀይ ነገር አይቼ «ኦ! የስፖርት ፍሬን!» ብዬ ፎቶ ሁሉ አንስቼ ለጓደኞቼ ልኬያለሁ። ቀዩ ነገር ፕላስቲክ ነው። ታምቡሩ ላይ በሽቦ የታሰረ ፕላስቲክ። ጎሚስታው ጎማ ሲፈታ መሬት ላይ ወደቀና አንስቶ ሰጠኝ። «ይሄ ምንድን ነው ያንተ?» አለኝ። ምን ልበለው?

ኮፈኑ ሥር ሞተሩ ላይ ያለው የፕላስቲክ ክዳን ጂቲኤስ ላይ «ቪቪቲኤል-አይ» ይላል፣ ጂቲ ላይ «ቪቪቲ-አይ»። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ናት። የኔዋ ክዳን ቀይ ቀለም ተቀብቶ ጽሑፉ ጠፍቷል። «ለውበት ነው» ተብያለሁ። ውበቱን ወደድኩት እኮ፣ ችግሩ እሱ ነው።

ፊቷም የራሷ አይደለም። 2003 ሞዴል ብለው ነው የሸጡልኝ። በዚያ ዓመት ሴሊካ የፊት ፓራውልቷና መብራቷ ተለውጧል፤ የኔዋም የአዲሱ ፊት አላት። ሻንሲ ቁጥሯ ግን ሌላ ይናገራል። አሥረኛው ፊደል ወይም አሃዝ የሞዴሉን ዓመት ነው የሚነግራችሁ። 3 ከሆነ 2003 ነው። የኔዋ 1 ናት። የ2001 መኪና የ2003 ጭምብል አድርጋ ነው የመጣችው።

ሻንሲ ቁጥሩን ካነሳን አይቀር፣ አምስተኛውን ፊደልም እዩት። የአሜሪካ ሴሊካዎች ጄ-ቲ-ዲ-ዲ ብለው ይጀምራሉ። ቀጥሎ አር ከመጣ ጂቲ ናት፣ ዋይ ከመጣ ጂቲኤስ። ለሌላ ገበያ የተሠራች ከሆነ ደግሞ የሞዴል ኮዷን ፈልጉ፤ ዜድዜድቲ230 ያቺ ባለ 1ዜድዜዷ ናት፣ ዜድዜድቲ231 ባለ 2ዜድዜዷ። ቁጥሩን ሹፌሩ በኩል መስታወቱ ሥር ታገኙታላችሁ። እሱን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።

ሊብሬውንስ? ሊብሬውን እጄ ላይ ይዤው ነበር! የባለቤቱን ስም፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ ቦሎው እንዳልተቃጠለ፣ ሁሉን አይቻለሁ። ሲሲው ላይ 1794 ይላል። ጂቲኤስ 1796 ነው። ሁለት ሲሲ። እኔ ሁለቱንም «1.8 ነው» ብዬ አለፍኩት። የሞተር ቁጥሩም ከፊቱ 1ዜድዜድ ብሎ ነው የሚጀምረው። ሊብሬው አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።

እስካሁን ያልኩት የስም ማጭበርበር ነው። እሱን እንኳ ይዤው እኖር ነበር። ጂቲዋ መጥፎ መኪና አይደለችም። እንዲያውም እውነቱን ልናገርና፣ ለእኛ አገር ከጂቲኤሷ ሳትሻል አትቀርም። 2ዜድዜድ ኮምፕሬሽኑ፣ ማለትም አየርና ቤንዚኑን የሚያምቅበት መጠን፣ 11.5 ለ 1 ነው፣ ጥሩ ቤንዚን ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ማደያ ሄደን የምንቀዳው ያው የሁሉም ሰው ቤንዚን ነው። 1ዜድዜድ ግን ኮሮላም ላይ፣ አቬንሲስም ላይ የገባ ሞተር ስለሆነ መለዋወጫውም መካኒኩም ይገኛል። ጂቲ መሆኗን ነግረውኝ ቢሆን ቢያንስ 500 ሺህ ብር አስቀንሼ በደስታ እገዛት ነበር።

ያቃጠለኝ ዘይቱ ነው። በሁለት በኩል አቃጠለኝ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት 1ዜድዜድ ሞተሮች ዘይት በመብላት የታወቁ ናቸው። ፒስተኖቹ ላይ ፋሻ የሚባል ቀለበት አለ፤ የዘይት ፋሻው የሚጠርገው ዘይት ተመልሶ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎችም አሏቸው። እነዚያ ቀዳዳዎች ጥቂትና ጠባብ ነበሩ። ዕድሜ ሲሄድ በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ አልፎ ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ቶዮታ በኋላ ፒስተኑን አሻሽሎታል። «2003 ናት» ማለት ለሻጩ ለምን እንዳስፈለገ አሁን ገባችሁ?

ስገዛት ጭስ አልነበራትም። በኋላ መካኒክ ሲፈትሻት የተሞላው ዘይት እንደ ማር የወፈረ ነው። ወፍራም ዘይት ለጥቂት ሳምንት ጭሱን ይደብቃል። እኔ ደግሞ ደስ ብሎኝ ገና በሁለተኛው ሳምንት ዘይት ቀየርኩላት፤ ትክክለኛውን፣ ቀጭኑን። እንግዲህ አስቡት።

በዚያው እሁድ ሐረር ወጣሁ፣ አጎቴን ላሳያቸው። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሐረር ፔጆ 404 ታክሲዎች ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ደንገጎን፣ ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን ዳገት፣ ስወጣ ምንም የለም። ትንሽ ደከመች፤ ከፍታው ነው ብዬ አለፍኩት። እውነትም ነው፤ ድሬ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ጉልበት ይቀንሳል። አጎቴ መኪናዋን ዞረው አዩ። አስነሳት አሉኝ። አስነሳሁ። ርገጥ አሉኝ። ረገጥኩ። ግቢው ሰማያዊ ሆነ።

«አቦ! ዕጣኑስ ደረሰ» አሉ፣ «ቡናው የታለ?»

ጎረቤት ሁሉ ሳቀብኝ። ደላላው «ይቺ እኮ ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈች ዘር ናት» ብሎኝ ነበር፤ እሱንም ነገርኳቸው። ሴሊካ እውነትም እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1986 የኬንያውን ሳፋሪ በተከታታይ አሸንፋለች። ነገር ግን እነዚያ ባለ ቱርቦ የውድድር መኪኖች ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት፣ ጂቲ-ፎር የተባሉት ሴሊካዎች ደግሞ ቱርቦም በአራት እግር መንዳትም ነበራቸው፤ የመጨረሻዋ ከስድስተኛው ትውልድ ጋር አበቃች። የኔዋ ትውልድ ቱርቦም የላት፣ የምትጎትተውም በፊት እግሯ ብቻ ነው። አጎቴ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ጥግ የቆመችውን 404 እያዩ «እሷም አራት ጊዜ አሸንፋለች» አሉ ብቻ። 1963፣ 1966፣ 1967፣ 1968። እውነት ነው፣ አሸንፋለች።

ስመለስ ደግሞ ያላወቅኩትን የጭስ መፈተሻ አገኘሁ። ከደንገጎ ስትወርዱ ማርሽ ቀንሳችሁ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ፣ ሞተሩ ራሱ እየያዛት ትወርዳለች። ያኔ ሞተሩ ውስጥ የሚፈጠረው መሳብ ዘይቱን በፋሻው በኩል ወደ ላይ ይጎትተዋል። ታች ሜዳው ላይ ስትደርሱ አንዴ ርገጡ። ፋሻው የደከመ ከሆነ ኋላችሁ ሰማያዊ ደመና ነው። ስለዚህ ድሬ ላይ ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሙከራችሁ ከዚራ አይሁን። ደንገጎ ይሁን። ጓደኛችሁ በሌላ መኪና ከኋላ ይከተል፣ ቪዲዮ ይቅረጽ። ሻጩ «ቤንዚን የለም፣ ሰዓት የለኝም» ካለ ቤንዚኑን እኔ እሞላለሁ በሉት። አሁንም ካንገራገረ፣ ላሽ በሉ።

ሌሎቹን ላሳጥር። ጎማው ላይ ያሉት የመጨረሻ አራት አሃዞች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። የኔዋ 3513 ይላል፤ እ.ኤ.አ. የ2013 35ኛው ሳምንት። በድሬ ሙቀት አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎኑ ይሰነጠቃል። ሞላዎቹ ተቆርጠው ነው ዝቅ ያለችው እንጂ የተገዛ ነገር የለም። «ኃይል ይጨምራል» የተባለው ክፍት የአየር ማጣሪያ ከራዲያተሩ ኋላ የጋለ አየር ነው የሚስበው፤ የጋለ አየር ስስ ነው፣ ኃይል ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ደውዬ ሳማርር ደግሞ ደላላው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቱርቦ እናስገባላት፣ ሰው አለኝ።» ዘይት የምትበላ ሞተር ላይ ቱርቦ!

መብቴን አልጠየቅኩም አይደለም። ውሉ ላይ ግን «መኪናውን አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚል አለ። ፈርሜያለሁ። የሞዴሉ ዓመትና «ጂቲኤስ» የሚለው ቃል ውሉ ውስጥ የትም የለም። በአፍ ነው የተነገረኝ። እናንተ ይህን እንዳትደግሙት። ሻጩ «ጂቲኤስ ናት» ካለ «እሺ፣ ውሉ ላይ ይጻፍ» በሉት፤ ዓመቱም፣ የሞተሩ ዓይነትም። ያኔ ፊቱን እዩት። ጠበቃ የሆነ ጓደኛዬ አንዲት እንዲህ ያለች መስመር ብትኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ እንደነበር ነግሮኛል።

ዋጋው ለምን እንዲህ እንደሆነም አስቡ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እሳት አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ቆመ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው እያንዳንዷ ኩፔ፣ እንደ ሴሊካ ያለች ባለ ሁለት በር መኪና፣ ብርቅ ሆነች። ብርቅ ነገር ላይ ደግሞ ገዢ አይፈትሽም፣ ይጣደፋል። እኔ ቀብዱን የሰጠሁት በአርባ ደቂቃ ውስጥ ነው። «ማታ ከጅጅጋ የሚመጣ ሰው አለ» ተባልኩ። የጅጅጋው ሰው እስካሁን አልመጣም።

መኪናዋን አልሸጥኳትም። ለሌላ ሰው ምን ብዬ ልሽጣት? ሞተሯ ወርዷል፤ የተሻሻለው ፒስተንና አዲስ ፋሻ ተገዝቶ እየተገጠመላት ነው። መሪዋንም ኤርባጉ ካለበት መሪ ጋር እየመለስኩት ነው። ቀዩን ፕላስቲክ ጣልኩት። የጂቲኤሱን አርማ ግን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር አጎቴ ወሰዱብኝ።

አሁን 404ቷ ኋላ ላይ ተለጥፏል። ሐረር ብትሄዱ ታዩታላችሁ።