ለሲስተራችን ምስጋና፣ የልጆችን ስኳር በሽታ ለምታጠኑ ደግሞ ጥቆማ

ስሟ እንዳይጠራ ስለጠየቀች «ሲስተር» ብለን እናልፋለን። በደም ውስጥ ያሉትን ስኳር፣ አሚኖ አሲድና የስብ ዓይነቶች ባንዴ ለሚለካው የሜታቦሎሚክስ ሥራ የልጆቹን ደም የምትቀዳልን እሷ ናት። እግዜር ይስጥልን!

ቀድሞ ከሌላ ቦታ ይመጣልን የነበረው ናሙና አንጀት ያሳርር ነበር። ቲዩቡ ጠረጴዛ ላይ ውሎ፣ ፕላዝማው (ሴሎቹ የሌሉበት የደም ፈሳሽ) ቀልቶ፣ ሰዓት ሳይጻፍበት። ስንጠይቅ «በበረዶ ነው የላክነው» ይሉናል። ከረፈደ በረዶ ምን ያደርጋል? ፕላዝማው ካልተለየ ሴሎቹ በክፍል ሙቀት ስኳሩን በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይበሉታል፣ ስኳሩ ሲበላ የሚወጣው ላክቴት ይጨምራል። የባሰው ላይሶፎስፋቲዲልኮሊን የሚባለው ስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የፊንላንድ ጥናት፣ ኋላ ዓይነት 1 ስኳር በያዛቸው ልጆች ላይ አውቶአንቲቦዲ (የራስን አካል የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል) ከመታየቱ ወራት ቀድሞ ይኸው ስብ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ቲዩብ ውስጥ የቆየ ደምም እንዲሁ ከፍ ያደርገዋል። የሰው ቸልተኝነት የበሽታ ምልክት መስሎ ቁጭ ይላል ማለት ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የለካውን እንጂ ምክንያቱን አይነግርም።

ሲስተር ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበትን ባለሐምራዊ ክዳን ቲዩብ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብላ ትገለብጣለች፤ አትንጠውም፣ ቀይ ሴሎቹ ይፈርሳሉ። ወዲያው በረዶ ውሃ ውስጥ፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ 4 ዲግሪ ላይ ያለ ሴንትሪፊውጅ (ደሙን አሽከርክሮ ፕላዝማውን የሚለይ ማሽን) ውስጥ ታስገባዋለች። ፕላዝማውን ስታነሳ ከሴሎቹ በላይ ያለውን ጥቂት ትተወዋለች። ከዚያ በ100 ማይክሮሊትር ከፋፍላ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ታስቀምጣለች፤ አንዱን ለማውጣት ሌላው እንዳይቀልጥ። ለአንድ ልኬት 50 ማይክሮሊትር ስለሚበቃ ከልጅ ብዙ ደም አትወስድም።

ከሁሉ የምናደንቀው ግን ትዕግሥቷን ነው። ማደንዘዣ ቅባት ቀብታ ሙሉ 1 ሰዓት ትጠብቃለች፤ ወረፋው ቢረዝም፣ ሰው ቢያጉረመርም ግድ የላትም። ያልታገለ ልጅ ደም በደንብ ይወርዳል፣ አይፈርስም። ቅባቱን ራሱ ትመዘግባለች፣ ውስጡ ያለው ማደንዘዣ፣ ሊዶኬይን፣ ልኬቱ ላይ ሊታይ ይችላላ! ልጁ መጨረሻ የበላበትን ሰዓትና ፓራሲታሞል ወስዶ እንደሆነም እናትየውን ሳትጠይቅ አትቀዳም።

እባካችሁ፣ ስለ ውድ ማሽን ከማውራታችሁ በፊት እንዲህ ያለ ሰው ፈልጉ፤ ስታገኙም ደህና ክፈሉ። ናሙና የሚሰበስብላችሁን ቦታ ስትመርጡ የሰዓት መዝገቡን አሳዩን በሉ፦ የተቀዳበት፣ ሴንትሪፊውጅ የገባበት፣ ፍሪዘር የገባበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ አትቀበሉ።