ለደሴዋ የኮምፒውተር ባለሙያ ምስጋና፣ ለኮምቦልቻ ድርጅቶች ጥቆማ

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ማምረቻ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው ከደሴ እየተመላለሰች ችግራችንን ከሥሩ የነቀለችልንን ወጣት ባለሙያ ለማመስገንና ተመሳሳይ ጣጣ ላለባችሁ ለመጠቆም ነው። ስሟን በይፋ እንዳልጽፍ አሳስባኛለች።

አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤታችን ኮምፒውተሮቻችንን ሁሉ በየኮምፒውተሩ በሚጫን፣ ማይክሮሶፍት ኮንፊገሬሽን ማኔጀር በሚባል ሶፍትዌር ከአንድ ቦታ ያስተዳድራል። ለሒሳብ ክፍልና ለሰው ሀብት ግሩም ነው፤ ዝማኔው ማንንም ሳያደክም ይደርሳል። ለጨርቅ መቁረጫው ማሽን ኮምፒውተር ግን መዘዝ ሆነብን። የተነባበረ ጨርቅ ምላጩ ሥር እንዳለ ኮምፒውተሩ ዝማኔ ሊጨርስ ራሱን አጥፍቶ ተነሣ። ምላጩ እመሐል ላይ ቀጥ አለ፤ ያ ሁሉ ጨርቅ ከቁርጥራጭ ክምር ተቀላቀለ። ሶፍትዌሩማ የታዘዘውን ነው የሠራው። ያዘዙት ሰዎች ናቸው የማሽን ኮምፒውተርን ከጸሐፊ ኮምፒውተር ያልለዩት።

ከእርሷ በፊት የመጡት ሶፍትዌሩን ያራግፉና ሒሳባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ። ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት እንደገና ይጫናል። አንዱማ የኔትወርኩን ገመድ ንቀሉት ብሎን ነበር። የሚቆረጠው ዲዛይን ታዲያ በምን ይምጣ?

እርሷ ለማራገፍ አልቸኮለችም። «መጀመሪያ በየት በኩል እንደሚገባ እንወቅ» አለች። የመጫኛውን መዝገብ አነበበች፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ጋር በስልክ ተነጋገረች፤ መግቢያው ሁለት ሆኖ ተገኘ። አንዱ ሰርቨሩ (ሁሉንም የሚያስተዳድረው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ራሱ የሚገፋው ነው፤ ካልተሳካለት በየሰዓቱ እየሞከረ እስከ 7 ቀን አይተውም። ሌላው በግሩፕ ፖሊሲ፣ ማለትም ድርጅቱ ለኮምፒውተሮቹ በጅምላ በሚያስተላልፈው የዊንዶውስ ትእዛዝ የሚመጣው ነው።

ለመጀመሪያው መላው ቀላል ነው። በሰርቨሩ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ውስጥ «ኤክስክሉድ ሰርቨርስ» የሚባል ዝርዝር አለ፤ የሚታገዱት ኮምፒውተሮች ስም በየመስመሩ አንድ አንድ ይሰፍርበታል። (ዝርዝሩ የሚገኝበት ቦታ ዛሬም የሚጠራው ሶፍትዌሩ በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ በነበረው ስም፣ ኤስኤምኤስ (ሲስተምስ ማኔጅመንት ሰርቨር) ተብሎ ነው።) ይህ ግን የሚያግደው ሰርቨሩ የሚገፋውን ብቻ ነው። ለሁለተኛው የማሽኖቹን ኮምፒውተሮች በአንድ ቡድን አሰባስባ ፖሊሲው እንዳይሠራባቸው አስከለከለች፤ ኮምፒውተሮቹም ተዘግተው እስኪከፈቱ ድረስ አዲሱ ቡድናቸው እንደማይታወቅላቸው አስረዳችን። ዝርዝሩ ቀድሞ የተጫነውን ስለማያነሣ ማራገፉን የሠራችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልመጣም።

ከሙያዋ ይልቅ ያከበርኩት ግን ጠባይዋን ነው። እኔ ቶሎ ይለቅልን ብዬ ስወተውታት፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ፈቃድ ካልመጣ አንዲት ቁልፍ አልነካም አለች። ንብረቱ የድርጅቱ ነው፤ ሶፍትዌሩን ተደብቆ ማገድ የሥራ ጥፋት ነው ብላ ፊት ለፊት ነገረችኝ። ኮምፒውተሮቹንም እንዲሁ ሜዳ ላይ አልጣለቻቸውም። ከሌላው ኔትወርክ እንዲለዩ አደረገች፣ የደኅንነት ዝማኔውም ማሽን በሚቆምበት የጥገና ቀን በእጅ እንዲጫን ሠንጠረዥ አወጣችልን። ሠንጠረዡ ከማሽኑ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የሠራ ሰው ይፈርምበታል።

ዋጋዋ ርካሽ ነው አልልም፤ በተበላሸው ጨርቅ ሲሰላ ግን ምንም አይደለም። እኅቴ፣ እጅሽ ይባረክ፤ የወሎ ዱዓም ጸሎትም ይድረስሽ።

የምትፈልጓት ድርጅቶች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። የፈቃድ ደብዳቤውን ግን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ያለ እርሱ ከደሴ አትነሣም።